ኤስ2000 ላይ ሪቭ ሊሚት ስንት ላድርግ? 8,200 ይቆይ ወይስ 9,000 ይሁን?

ቨርጂኒያ_ኤፒ2 (አሌክሳንድሪያ)

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። እስከዛሬ ዝም ብዬ ማነብ ብቻ ነበርኩ አሁን ግን መጠየቅ ግድ ሆነብኝ። መኪናዬ የ2006 ሆንዳ ኤስ2000 ነው፣ የአሜሪካው፣ 2.2 ሞተር ያለው፣ ኤፍ22ሲ1 ሚባለው። ከፋብሪካ ሬድላይኑ (ሞተሩ በደቂቃ እንዲዞር ሚፈቀድለት ትልቁ ዙር) 8,000 ነው፣ ነዳጁን ሚቆርጠው ደሞ (ሪቭ ሊሚት ሚባለው) 8,200 አካባቢ። እስካሁን የቀየርኩት ኢንቴክ፣ ሄደር፣ ሙሉ ማርሚታውን እና ኮምፒውተሩን በፍላሽፕሮ ነው፣ የሞተሩ ውስጥ ግን ምንም አልተነካም። 142 ሺ ማይል ሄዷል።

በዓመት አራት አምስት ጊዜ ሰሚት ፖይንት ትራክ አወጣዋለሁ፣ ሌላ ጊዜ የእሁድ መኪና ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ዳይኖ (የሞተር ጉልበት መለኪያ) ላይ ልወጣ ነው እና ቱን ሚያደርግልኝ (ኮምፒውተሩን ሚያስተካክልልኝ) ልጅ ሊሚቱን 9,000 አደርግልሃለሁ አለኝ፣ የድሮው ኤስ2000 እኮ 9,000 ነው ሚዞረው ያው አንድ ሞተር ነው አለ። እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ ብሎኝ ነበር ምክንያቱም ያንን ድምፅ ሰምቶ ልቡ ማይመታ ሰው የለም። ማታ ቤት ገብቼ ሳስበው ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ፣ አንድ ሞተር ከሆነ ሆንዳ ራሱ ለምን 1,000 ዙር ቀነሰበት? ይሄን መኪና ሁለት ዓመት ኦቨርታይም ሠርቼ ነው የገዛሁት፣ ሞተሩ ቢሄድብኝ ሌላ ሞተር መግዣ የለኝም። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ 8,200 ይቆይ? 8,600? ወይስ ልጁ እንዳለው 9,000?

ዘጠኝ_ሺ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ወንድሜ እንኳን ጠየቅክ። እኔ የድሮው ነው ያለኝ፣ የ2001፣ 2.0 ኤፍ20ሲ። አንድ ሞተር አይደሉም። ብሎካቸው ይመሳሰላል የሲሊንደሩም ስፋት 87 ሚሊሜትር እኩል ነው ግን የኔ ስትሮክ (ፒስተኑ ከላይ እስከ ታች ሚሄደው ርዝመት) 84 ሚሊሜትር ነው ያንተ 90.7 ነው። ሆንዳ በ2004 ለአሜሪካ ከታች ቶርክ እንዲጨምር ብሎ ክራንክ ሻፍቱን ቀየረው ስለዚ ፒስተኑ በአንድ ዙር ሚሄደው መንገድ ረዘመ፣ መንገዱ ከረዘመ ደሞ በአንድ ዓይነት ዙር ፒስተኑ በጣም ይፈጥናል ማለት ነው።

አማካይ የፒስተን ፍጥነት ለማግኘት ቀላል ነው፣ ስትሮኩን በሚሊሜትር ወስደህ በዙሩ ታባዛለህ ከዛ ለ30,000 ታካፍላለህ፣ በሜትር በሰከንድ ይመጣልሃል። የኔ በ9,000፣ 25.2። ያንተ ፋብሪካው ባለው 8,000፣ 24.2። ያንተ 9,000 ላይ ግን 27.2 ይሆናል። የኔን 25.2 ያንተ ሞተር ሚደርስበት 8,335 ላይ ነው። ይቺን ቁጥር ጻፋት። ያ ልጅ የኔን ሞተር ቁጥር ነው አንተ ላይ ሊጭን የፈለገው።

ኮተቤ_ልጅ (አዲስ አበባ)

ይቅርታ ጥያቄዬ ቀላል ከሆነ ግን ፒስተኑ ቢፈጥን ምን ይሆናል? ዘይት አለ፣ ብረት ነው፣ ሁሌም እየተንቀሳቀሰ ነው። ምኑ ነው ሚሰበረው? እኔ ዲኤክስ ነው ያለኝ ግን ሞተር ነገር በጣም ነው ምወደው ማወቅ ፈልጌ ነው

ጋሽ_ቴስታታ (አዲስ አበባ)

ልጄ ጥያቄህ ቀላል አይደለም፣ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። እኔ ጋራዥ ውስጥ ነው ያረጀሁት ስለዚህ እኛ በምንጠራው ስም ልንገርህ። ፒስቶኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ቢዬላ ነው። ቢዬላው ከታች በኩል ብሮንዝ (ሁለቱ ብረቶች እንዳይፋተጉ መሃላቸው የሚገባውን) አቅፎ ነው ክራንኩ ላይ የሚቀመጠው፣ ያንን የሚያጠብቀው ኮፍያ አለ፣ ኮፍያውን ደግሞ የያዙት ሁለት ቡሎኖች ናቸው። በዙር ብዛት የሞተ ሞተር ከፍተን ስናይ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የለቀቁት እነዚያ ቡሎኖች ወይም ብሮንዙ ነው።

ማሳ የሚጠብቅ ልጅ ወፍ ለማባረር ወንጭፍ ሲያዞር አይተህ ታውቃለህ? ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፣ አልከበደም፣ በፍጥነት ባዞርከው ቁጥር ግን ገመዱ እጅህን ይጎትተዋል። ፍጥነቱን እጥፍ ብታደርገው ጉተታው እጥፍ አይደለም፣ አራት እጥፍ ነው። ፒስቶኑ ድንጋዩ ነው፣ ቢዬላው ገመዱ ነው፣ ቡሎኑ ጣትህ ነው። ገመዱ የሚበጠሰው ድንጋዩ ስለከበደ አይደለም።

ሌላ ደግሞ እዚህ አዲስ አበባ ስለሆንክ የምነግርህ ነገር አለ። እኛ ያለነው 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖረው ጉልበት ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያጣል። ልጆቹ ታዲያ መኪናው ሲደክምባቸው ዙር ይጨምራሉ፣ እዚህ ጉልበቱ ያነሰ ስለሆነ ሞተሩም ያን ያህል አይጎዳም ይሉኛል። አየሩ ይሳሳል እንጂ ፒስቶኑ አይቀልም! በዙር የሚመጣው ጉተታ እዚህም ጅቡቲም አንድ ነው።

ሚሚ_ዳይኖ (ሙኒክ)

ጋሼ የወንጭፏን ነገር ለሥራ ባልደረቦቼ ተርጉሜ ልነግራቸው ነው፣ እድሜ ይስጥልኝ 🙏

ቨርጂኒያ በቁጥር ልጨምርልህ። ከ8,000 ወደ 9,000 ዙሩ የጨመረው 12.5 ፐርሰንት ነው ቢዬላው ላይ ያለው ጉተታ ግን 26.6 ፐርሰንት ነው ሚጨምረው። ፒስተኑ ከነፒኑ ግማሽ ኪሎ ቢሆን ብለን እንያዝ፣ ያንተ ሞተር በ8,000 ላይኛው ጫፍ ላይ ሲደርስና ተመልሶ ሲዞር ቢዬላውን ወደ ላይ ሚጎትተው 2.1 ቶን በሚሆን ኃይል ነው። በ9,000 ወደ 2.7 ቶን ይደርሳል። ይሄ በሰከንድ 150 ጊዜ ነው።

እና ብዙ ሰው ማያውቀው ነገር፣ ይሄ ጉተታ በጣም ሚከፋው ሞተሩ ጉልበት ሲሰጥ አይደለም። ነዳጁ ሲቃጠል ጋዙ ፒስተኑን ወደ ታች ስለሚገፋው ጉተታውን ያቃልለዋል። ሚከፋው የተቃጠለውን ጭስ አስወጥቶ ሲጨርስ ላይኛው ጫፍ ላይ ነው፣ እዛ ጋ ፒስተኑን ሚይዝ ምንም ግፊት የለም ቡሎኖቹ ብቻ ናቸው ሚይዙት። ስለዚ ተርቦ ያለው ሰው ቡስት (የተርቦውን የአየር ግፊት) ጨምሬ ቢዬላ ሰበርኩ ሲል ያ ሌላ ጭነት ነው፣ እሱ ሚጨፈልቅ ነው፣ የዙር ደሞ ሚበጥስ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አታምታቱ። 9,000 ላይ ሆነህ ድንገት እግርህን ከቤንዚኑ ስታነሳም ቡሎኖቹ እረፍት አያገኙም፣ እንደውም ይብስባቸዋል።

ዘጠኝ_ሺ ያመጣው 8,335 ጥሩ ቁጥር ነው ግን እሱ በፍጥነት ብቻ ነው። ፍጥነቱ ሚነካው ሪንጎቹንና የሲሊንደሩን ግድግዳ ነው፣ ዘይቱ ከመሃል እንዳይጠፋ። ቡሎኑን ሚነካው ግን ፍጥነቱ ሚቀየርበት መጠን ነው፣ በዛ በኩል ከሄድን የቢዬላውንም ርዝመት ማስገባት አለብን፣ የሱ 153 ሚሊሜትር ነው ያንተ 149.65። ሠርቼዋለሁ፣ ኤፍ20 በ9,000 ሚያገኘውን ጉተታ ያንተ ሞተር ሚያገኘው 8,570 አካባቢ ላይ ነው።

ይሄ ማለት ግን 8,570 ድረስ ሂድ ማለት አይደለም! ሆንዳ ለ9,000 ብሎ የሠራቸው ክፍሎች የኤፍ20 ናቸው። ይሄ ቁጥር ጣሪያውን ነው ሚነግርህ። 9,000 ሚለውን ከጠረጴዛው አንሳው በቃ።

ቨርጂኒያ_ኤፒ2

በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ጋሼ እርስዎንም ከልብ። የቡሎኑ ነገር ገባኝ። እንግዲህ 8,500 ብለው ጥሩ ይሆናል ማለት ነው? ከሁለቱ ቁጥሮች መሃል ስለሆነ

ዱባይ_ሚያታ (ዱባይ)

ወንድሜ ትንሽ ቆይ። የፒስተን ፍጥነት ብቻ አይተህ ሊሚት እንዳታወጣ፣ እኔ ምነግርህ ሌላ ሞተር ላይ ያለ ነገር ነው ግን ላንተም ይጠቅማል። የኔ ሚያታ 1.8 ነው፣ ቢፒ ሚባለው ሞተር፣ ስትሮኩ 85 ነው። 7,200 ላይ ብታሰላው 20.4 ነው ሚመጣው፣ ካንተ ጋር ሲነጻጸር ቁጭ ብሎ እንደመተኛት ነው። በወረቀት ከሆነ 8,000 ቢዞር ምንም አይለውም። ግን የዚህ ሞተር ደካማ ቦታ ፒስተኑ ጋ አይደለም፣ የዘይት ፓምፑ ውስጥ ያሉት ማርሾች ናቸው፣ ከተጨመቀ የብረት ዱቄት የተሠሩ ናቸው፣ ክራንክ ሻፍቱ አፍንጫ ላይ ነው ሚቀመጡት። ከፍ ያለ ዙር ላይ ክራንኩ እንደ ልብስ ሲጨመቅ ይጠመዘዛል ይመለሳል፣ ያ ንዝረት ማርሾቹን ይሰነጥቃቸዋል። በተለይ ሊሚተሩ ላይ ታ ታ ታ ታ እያለ ሲመታ። ማርሹ ሲሰበር ዘይት የለም፣ ዘይት ከሌለ ሁለት ሰከንድ ነው በቃ ሞተር የለም።

ስለዚ ቱርቦ እያስገባሁ ስለሆነ እኔ መጀመሪያ ያዘዝኩት ከአንድ ብረት የተፈለፈሉ የፓምፕ ማርሾች እና ጥሩ ዳምፐር (ንዝረት ሚውጥ ፑሊ) ነው፣ ከነሱ በፊት ሊሚቴን አንድ ዙር አልጨምርም።

አንተጋ የክራንኩን ፑሊ ቀይረሃል እንዴ? ብዙ ሰው ቀላል ፑሊ እያለ ሚያስገባው ጎማ የሌለው ጠጣር አልሙኒየም አለ። ኦሪጅናሉ ውስጥ ያለው ጎማ እኮ ለጌጥ አይደለም ያንን ንዝረት ሚውጠው እሱ ነው። ከቀየርከው እና ዙርም ከጨመርክ ሁለት ጊዜ ነው እየተበደልክ ያለኸው። እዚህ ደሞ በበጋ ትራክ ላይ የዘይቱ ሙቀት ምን ያህል እንደሚወጣ አትጠይቀኝ፣ ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ሲቀጥን ብሮንዙ ላይ ያለው ትራስ ይሳሳል፣ ያው 8,200 በየካቲትና በነሐሴ አንድ አይደለም።

ቨርጂኒያ_ኤፒ2

ፑሊው ኦሪጅናል ነው እግዚአብሔር ይመስገን። ላዝ ነበር እንደውም, ካርት ውስጥ አለ። አሁን አወጣዋለሁ

ሚሚ_ዳይኖ (ሙኒክ)

ዱባይ ያለው በጣም ትክክል ነው። ለማነጻጸር ያህል ይሄን ተመልከቱ። ፎርሙላ ዋን የ2.4 ሊትር ቪ8 ሞተሮች ከ2009 ጀምሮ 18,000 ላይ ነበር ሚገደቡት። ሲሊንደሩ 98 ሚሊሜትር ስፋት ስለነበረው ስትሮኩ 40 እንኳን አይሞላም፣ ስታሰሉት የፒስተን ፍጥነቱ 23.9 አካባቢ ነው ሚመጣው። ማለትም 18,000 ሚዞረው ከዘጠኝ_ሺ ኤስ2000 ያነሰ የፒስተን ፍጥነት ነበረው። ታዲያ ለምንድነው የኛ መኪና 18,000 ማይዞረው? ሌላ ብዙ ነገር ስላለ ነው፣ አንዱና ትልቁ ቫልቮቹ ናቸው። እነሱ የብረት ሞላ ትተው በታመቀ ጋዝ ነበር ቫልቩን ሚመልሱት።

ሞላ በጣም ሲፈጥን ካሙን (ቫልቩን ገፍቶ ሚከፍተውን) መከተል ያቅተዋል፣ ቫልቩ ካሙ ከሄደ በኋላ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ እኛ ፍሎት ምንለው እሱ ነው። ፒስተኑ ደሞ እየመጣ ነው። ቨርጂኒያ ያንተ ሞላዎች 142 ሺ ማይል ሄደዋል፣ አዲስ ሲሆኑ 8,200ን ከነመጠባበቂያው ይችሉ ነበር አሁን ግን ያ መጠባበቂያ ምን ያህል እንደቀረ ሚያውቅ የለም። ዳይኖ ላይ ጫፉ ጋ ጉልበቱ ቀስ ብሎ ሳይሆን እንደ ጥርስ እየተቆራረጠ ከወረደ የቫልቭ ነገር ሊሆን ስለሚችል ያኔውኑ አቁሙ።

አንድ ደሞ፣ የኔ ሀገር መኪና ስለሆነ አውቀዋለሁ፣ ኢ46 ኤም3 ስትሮኩ 91 ሬድላይኑ 8,000 ነው፣ ያንተው ቁጥር ማለት ይቻላል። ቢኤምደብሊው ከ2001 እስከ 2003 የተሠሩትን ጠርቶ የቢዬላ ብሮንዝ ቀይሯል። 24 ሜትር በሰከንድ ላይ ያለ ሞተር ጠርዝ ላይ የተሠራ ሞተር ነው፣ እዛ ላይ ሆኖ ትንሽ ብጨምርስ ሚባል ነገር የለም።

ዘጠኝ_ሺ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

የሞላ ነገር ከተነሳ የኔን ልንገራችሁ፣ ሰው እንዲማርበት ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ትራክ ላይ፣ ረጅሙ ቀጥታ መንገድ ላይ፣ 3ኛ ማርሽ 8,500 አካባቢ ነበርኩ፣ 4ኛ ላስገባ ስል እጄ ትንሽ ወደ ራሴ ሳብ አደረገውና 2ኛ ገባ። የኋላ ጎማዎቹ ጮኹ መኪናው ወደ ጎን ሄደ። ፍሪሲዮኑን ወዲያው ረገጥኩት ግን ያው ክላቹን አንዴ ለቅቄው ነበር። የማርሾቹን ቁጥር ከወሰዳችሁ 3ኛ 1.481 ነው 2ኛ 2.045 ነው፣ 8,500ን ስታሰሉት 11,700 ይወጣል። ሊሚተሬ 9,000 ላይ ነበር። ምንም አላደረገም! ምክንያቱም ሊሚተር ነዳጅ ነው ሚቆርጠው፣ ጎማው ሞተሩን ሲያዞረው ነዳጅ ኖረ አልኖረ ለውጥ የለውም።

መኪናው ተነሳ፣ ድምፁ ደህና ነው፣ ነድቼው ቤቴ ገባሁ፣ እግዜር አተረፈኝ ብዬ ተኛሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ የማከብረው ሰው ክዳኑን ሳትከፍት ሁለተኛ ትራክ እንዳትወጣ ብሎ ለመነኝ። ከፈትን። የቫልቩን ሞላ ከላይ ሚይዛት ትንሽዬ ሳህን አለች፣ ሪቴይነር ሚሏት፣ ከ16ቱ 3ቱ ተሰንጥቀው ነበር። አንዷ ብትለቅ ቫልቩ ሲሊንደር ውስጥ ይወድቃል ከዛ ፒስተን ቴስታታ ሁሉም ይሄዳል። ካንተ ዓይነት ከ2004 በኋላ ከመጣው ሞተር ጠንከር ያሉትን ሪቴይነሮች ከነመያዣቸው አስገባሁ፣ እኛ የድሮው ያለን ሰዎች ብዙዎቻችን ምናደርገው እሱን ነው።

ይሄን ምነግርህ ለምን መሰለህ፣ ሊሚት ባነሰ ቁጥር ስህተትህም ያንሳል። 9,000 ላይ ሆነህ 2ኛ ብታስገባ 12,400 ነው። 8,000 ላይ ሆነህ ብታስገባ 11,000 ነው። ሁለቱም መጥፎ ናቸው ግን አንዱ ሪቴይነር ነው ሌላው ሞተር ነው።

ጋሽ_ቴስታታ

ልጄ እግዚአብሔር አትርፎሃል። ከፍተህ ማየትህ ብልህነት ነው፣ ብዙዎቹ ድምፅ ካልሰሙ አይከፍቱም። ብሮንዝ መታ ተብሎ የሚመጣልን መኪና ሁሉ ጥፋቱ የተሠራው ድምፁ ከመሰማቱ ብዙ ቀን ቀደም ብሎ ነው።

ሚሚ_ዳይኖ (ሙኒክ)

ቨርጂኒያ አሁን ደሞ በጣም ምፈልገው ነጥብ ላይ ልምጣ ምክንያቱም እስካሁን ሁላችንም ሞተሩ ስንት ይችላል እያልን ነው ማንም ግን ስንት *ያስፈልግሃል* አላለም።

ዙር ሚጨመረው አንድ ማርሽ ላይ ረዘም ብለህ ለመቆየት ነው አይደል? ስታቀይር ዙሩ ወዴት እንደሚወርድ እይ። ከ2ኛ ወደ 3ኛ በ8,200 ብትቀይር ሞተሩ ሚያርፈው 5,938 ላይ ነው። ቪቴክ (ከትንሹ ካም ወደ ትልቁ ሚያዛውረው) ከፋብሪካ ሚገባው ደሞ 6,000 አካባቢ። አየኸው? ስታቀይር ከትልቁ ካም ወርደህ ትንሹ ካም ላይ ትወድቃለህ፣ ለጥቂት ለ60 ዙር። ለዛ ነው ብዙ ሰው ሊሚቱን ጨምሬ መኪናው በጣም ተለወጠ ሚለው፣ የተለወጠው ላይኛው 300 ዙር ጉልበት ስላለው አይደለም፣ ሲያቀይር ቪቴክ ውስጥ ስለሚያርፍ ነው። ይሄን ደሞ ሞተሩን ሳታሰቃይ ማግኘት ትችላለህ። ፍላሽፕሮ አለህ፣ ቪቴክ ሚገባበትን ዙር አውርደው! ኢንቴክና ሄደር ስለቀየርክ ሁለቱ የካም መስመሮች ሚገናኙበት ቦታ ከ6,000 ዝቅ ማለቱ አይቀርም፣ ዳይኖ ላይ አንዴ በትንሹ ካም ብቻ አንዴ በትልቁ ብቻ ትሮጣለህ፣ መስመሮቹ ሚቋረጡበት ቦታ ላይ ቪቴክህን ታስገባለህ። ዋጋው ዜሮ ነው ቡሎኖችህም አያውቁትም።

ከዛ በኋላ ሊሚቱን ምትወስነው ከርቩን (ዳይኖው ሚያወጣውን የጉልበት መስመር) እያየህ ነው። ጉልበቱ ጫፍ ከነካ በኋላ ምን ያህል እንደሚወርድ ታያለህ፣ አሁን ባለህበት ማርሽ ላይ ሚቀረው ጉልበት በሚቀጥለው ማርሽ ከምታገኘው ካነሰ እዛ መቆየት ትርፉ ድምፅ ብቻ ነው። ቱን ሚያደርግልህን ልጅ ይሄን ጥያቄ ጠይቀው፣ ከ8,400 በኋላ ስንት ፈረስ ጉልበት አገኛለሁ በለው። ካልመለሰልህ ሌላ ሰው ፈልግ።

ኮተቤ_ልጅ

እህቴ በጣም ነው ያስረዳሽኝ ሁለቴ አነበብኩት። ጋሼ ለኔ ዲኤክስ ደሞ ስንት ይሉኛል? 4ኬ ነው ሞተሩ። ካርቡሬተሩን ቀይሬዋለሁ ማርሚታም ከፍቼዋለሁ፣ ሊሚተር ሚባል ነገር የለውም፣ ጓደኞቼ 7,000 ይወጣል ይሉኛል ቆጣሪም የለኝም በጆሮ ነው

ጋሽ_ቴስታታ

በጆሮ አይሆንም። መጀመሪያ የዙር ቆጣሪ ግዛና ግጠም፣ ከካርቡሬተሩ በፊት እሱ ነበር መምጣት ያለበት።

4ኬ ስትሮኩ 73 ነው፣ እነዚህ ልጆች ባሉት ስሌት ብትሄድ በ7,000 17 ብቻ ነው የሚመጣልህ፣ ፒስቶኑ ምንም አይሆንም ትላለህ። ግን ያንተ ሞተር ካሙ ከታች ብሎኩ ውስጥ ነው ያለው፣ ቫልቩን የሚገፋው በረጃጅም ዘንግ ነው፣ ከዘንጉ ላይ ሌላ መላወሻ ክንድ አለ። ያ ሁሉ ብረት ሲሄድና ሲመለስ ሞላው አይችለውም፣ ፒስቶኑ ምንም ሳይሆን ቫልቩ ነው ቀድሞ የሚያምፀው። ዘንግ ጎብጦ፣ ሞላ ደክሞ የመጣልኝን ስንቱን ከፍቼ አይቻለሁ። ሞላው ደግሞ ከሞተሩ ጋር ያረጀ ነው፣ ተለክቶ ካልታወቀ በቀር 5,500 አልፈህ አትሂድ፣ እሱንም ሞተሩ ከሞቀ በኋላ። አንዳንድ ቀን ጋራዡ ና፣ ሞላህን አውጥተን እንለካዋለን፣ ገንዘብ አልቀበልህም።

ኮተቤ_ልጅ

ጋሼ እግዜር ያክብርልኝ 😭 ቅዳሜ እመጣለሁ

ቨርጂኒያ_ኤፒ2

ቤተሰብ ተመልሻለሁ። ትናንት ዳይኖ ነበርኩ። ሌላ ሰው ጋ ነው የሄድኩት፣ የመጀመሪያውን ልጅ ጥያቄውን ስጠይቀው ዝም ብሎ ሞተርህ ይችላል ይችላል ነበር ሚለኝ።

ሚሚ እንዳልሽው ነው ያደረግነው። በትንሹ ካም ብቻ አስሮጥነው በትልቁ ብቻ አስሮጥነው፣ መስመሮቹ 4,900 ላይ ተገናኙ! 1,100 ዙር ሙሉ ጉልበት ሜዳ ላይ ጥዬ ነበር ስነዳ የከረምኩት። ጫፉ 7,900 ላይ ነው፣ እስከ 8,200 ትንሽ ትንሽ ነው ሚወርደው፣ ከ8,300 በኋላ ግን መስመሩ ቁልቁል ነው ሚሄደው። ሰውየው ራሱ ወረቀቱ ላይ በጣቱ እያሳየኝ እዚህ በኋላ ምን ልታደርግ ነው አለኝ። ስለዚ 9,000 ብያቸው ቢሆን ኖሮ ለ700 ዙር ሞተሬን እየገደልኩ እየዘገየሁ ነበር ማለት ነው። ይሄን ሳስብ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን ሊሚቱን 8,300 ላይ ነው ያደረግነው። በስሌቱ 25.1 ነው፣ ዘጠኝ_ሺ ካልከው 8,335 በታች ስለሆነ ልቤ አርፏል። አሁን ሁለት ነገር ልጠይቅ፣ አንደኛ ሊሚተሩ ነዳጅ ይቁረጥ ወይስ እሳት? ሁለተኛ ሺፍት ላይቱን (ማርሽ ቀይር ሚለውን መብራት) የት ላድርገው?

ሚሚ_ዳይኖ (ሙኒክ)

እልልልል! በጣም ደስ ብሎኛል።

ነዳጅ ይቁረጥ፣ ከፋብሪካም እንደዛ ነው። እሳት ስትቆርጥ ነዳጁ ሳይቃጠል ወደ ማርሚታው ይሄዳል፣ እዛ ይፈነዳል ካታሊስቱንም ያቀልጠዋል፣ ያ የጥይት ድምፅ ለቪዲዮ ነው ሚጠቅመው። ሲቆርጥና ሲመልስ ያለውን ልዩነትም እየው፣ በጣም ከጠበበ ዱባይ እንዳለው ታ ታ ታ እያለ ነው ሚመታህ።

ሺፍት ላይት 7,900። በ1ኛ ማርሽ ዙሩ በጣም ስለሚሮጥ መብራቱን አይተህ እጅህ እስኪደርስ 200 ዙር ይሄዳል፣ ስለዚ 8,100 ላይ ታቀይራለህ ማለት ነው፣ ሊሚተሩን ጭራሽ አትነካውም። ከ2ኛ ወደ 3ኛ 5,866 ላይ ታርፋለህ፣ ከ1ኛ ወደ 2ኛ ደሞ 5,287፣ ቪቴክህ 4,900 ስለሆነ ሁለቱም ትልቁ ካም ላይ ናቸው። እና ለቀዝቃዛ ሞተር ሌላ ሊሚት ስጠው፣ ውሃው እስኪሞቅ ድረስ 5,000 አካባቢ፣ ውሃው ከሞቀ በኋላም ዘይቱ ገና ስለሆነ ጥቂት ደቂቃ ጨምርለት።

ዱባይ_ሚያታ (ዱባይ)

ዘይትህን ደሞ ትራክ ከመውጣትህ በፊት እስከ ላይኛው ምልክት ሙላው፣ ከየሴሽኑ በኋላ የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥተህ እይ። ከፍ ያለ ዙር ላይ እነዚህ ሞተሮች ትንሽ ትንሽ ይጠጣሉ፣ ረጅም ኩርባ ላይ ዘይቱ ወደ ጎን ሲሄድ ፓምፑ አየር ከሳበ ሊሚትህ 6,000 ቢሆንም አያድንህም።

ዘጠኝ_ሺ

ቫልቮችህንስ አስለክተሃል? መጀመሪያ መጠየቅ ነበረብኝ። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ክፍተታቸው ኢንቴክ (የአየር ማስገቢያው ቫልቭ) ከ0.21 እስከ 0.25፣ ኤግዞስት (የጭስ ማውጫው) ከ0.25 እስከ 0.29 ሚሊሜትር ነው። 142 ሺ ማይል ሄዶ ካልተለካ ከሊሚቱ በፊት እሱ ነው

ቨርጂኒያ_ኤፒ2

አላስለካሁም ነበር። ዛሬ ከሥራ መልስ ከጓደኛዬ ጋር ጋራዡ ውስጥ ክዳኑን ከፍተን ለካናቸው። ኢንቴኮቹ ሁሉም ልክ ናቸው። ኤግዞስት ግን 3ኛው ሲሊንደር ላይ አንዷ 0.21 ሆና አገኘናት፣ ጠብባለች፣ ሌላዋ 0.23። ሁለቱንም 0.27 አድርገን አሰርናቸው። ሪቴይነሮቹን በባትሪ እያበራን አንድ በአንድ አየናቸው ስንጥቅ የለም። ፎቶ አንስቻለሁ ማታ እልክላችኋለሁ፣ ጋሼ በተለይ እርስዎ አንዴ ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።

ጋሽ_ቴስታታ

ላክልኝ ልጄ። የካሞቹን ፊት ከቅርብ አንሳልኝ፣ ከላይ በኩል ብርሃን አድርግበት። ጥብቅ የነበረችው ቫልቭ ጋ ያለውን መጀመሪያ።